ከፈይ የሚያውቅ እጅ

ሰውዬው ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ መመላለስ የጀመረው ደግነት ገፋፍቶት አይደለም። ሴት ልጁ ናት ያስመዘገበችው። ሰላሳ ዓመት በረንዳ ላይ ሲረግጣት የኖረውን የስፌት መኪና አንስቶ ቤት ከገባ ወዲህ፣ ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ሲጨቃጨቅ መስማት ሰለቻትና፣ «አባዬ፣ እጅህ ገና ይሠራል፤ ምላስህ ብቻውን ለምን ይደክማል?» ብላ ስሙን ሰጠች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ልብስ መጠገን። ደረቱ ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ካርድ አንጠለጠሉለት። እሱ ካርዱን ገልብጦ ነበር የሚያደርገው። በጎም አይደለሁ፣ ፈቃዴንም የጠየቀኝ የለ ይላል።

በወጣትነቱ በሠራበት ስፌት ቤት «መርፌ» ነበር የሚሉት። ቀጭን ስለሆነ ነው ያሉ አሉ፤ ሲናገር ስለሚወጋ ነው ያሉም አሉ። እሱ በሁለቱም አልተከፋም። የተከፋው በሌላ ነው፤ እሱን እንደርስበታለን።

ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ሰጡት። ሥራው ሞልቶ ነበር የጠበቀው። ሰው ሲያረጅ እንደሚያጥር መርፌ ያወቀው እዚያ ነው። አምና ልክ የነበረ ሱሪ ዘንድሮ መሬት ይጠርጋል። ወገቡ ይሰፋል፣ አንገትጌው ይሰፋል፤ የሚጠበው ባለቤቱ ነው። ጣታቸው ቁልፍ አልይዝ ላላቸው ደግሞ በሸሚዙ ፊት ለፊት ተለጣፊ ይሰፋላቸውና፣ ቁልፉን መልሶ ከላይ ይተክለዋል፤ ላየው ሰው የተቆለፈ እንዲመስል። ይህን ያዘዘው ማንም የለም። የቤቱ ኃላፊ፣ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት፣ አይታ ገረማት።

«አባባ፣ ተለጣፊው ከያዘ ቁልፉ ላይ ለምን ይደክማሉ?»

«ሰውዬው ሕፃን አይደለማ፣ ልጄ። ደግሞ አባባ አትበይኝ። አባባዎቹ ከግድግዳው ማዶ ናቸው።»

በሦስተኛው ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ በኃላፊዋ ክንድ ተደግፎ፣ ሱሪ አንጠልጥሎ ገባ። ዓይኖቹን ጉም የመሰለ ነገር ጋርዷቸዋል።

«ይህን ጠርዝ የሰፋው ማነው?»

«ምነው፣ ተተረተረ?» አለ መርፌ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

ሽማግሌው አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። «ሦስት ጠበቅ፣ አንድ ላላ። ሰውዬው ሲራመድ ጨርቁ እንዳይዘው። እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው ነው የማውቀው። አንተ መርፌ፣ አለህ እንዴ?»

መርፌ በጣቶቹ መሃል የያዘው ክር አመለጠው።

«እርስዎም አሉ» አለ።

ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ቢያገኘው ምን እንደሚለው ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። አልጋው ውስጥ አዘጋጅቷል፣ አውቶቡስ ውስጥ አዘጋጅቷል፣ ሚስቱን በቀበረ ሳምንት እንኳ አዘጋጅቷል። ደህና ደህና ስድብ ነበረው። አሁን ሰውዬው ፊቱ ቆሞ፣ ሱሪውን እንደ ደብዳቤ ይዞ ሲስቅ፣ ስድቡ ሁሉ እልም አለ። «ይቀመጡ» አለው፣ ያለችውን አንድ ወንበር ለቆለት።

ይህ ሽማግሌ የስፌት ቤቱ ቆራጭ ነበር። «መሐንዲሱ» ነበር የሚሉት።

ያ ስፌት ቤት ስምንት መኪና ነበረው፣ በመስኮቱ ሥር ተደርድሮ። ስምንቱ አንድ ላይ ሲረገጡ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስል ነበር፤ አንዱ ካቆመ ሰባቱ ቀና ብለው ያዩታል። ካውያው እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ባለቤቱ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅም፤ ሚስቱን ያገባውም ከነሜትሩ ነው እያሉ ይስቁበት ነበር። ምሳቸውን የሚበሉት የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ነው፤ ዳቦው በመሐንዲሱ መቀስ ይቆረጥ ነበር፣ እኩል ለመቁረጥ ከሱ የተሻለ ስለሌለ። ውድ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሁሉም ዝም ይላል። መሐንዲሱ በፉጨት አንድ ነገር እያዜመ ጨርቁን ይዳብሰዋል፣ ከዚያ መቀሱን ይከፍታል። ልብሱ አልቆ ደንበኛው መስታወቱ ፊት ሲቆም «የቆራጩ እጅ ይባረክ» ይላል። የሰፊው እጅ ይባረክ ያለ ሰው መርፌ ሰምቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ መቁረጥ አስተምሩኝ ብሎ ነበር። መሐንዲሱ ጨርቅ የሚያሰምርበትን ሳሙና ከጆሮው ላይ አንስቶ፣ ሰፊዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ሂሳብ ነውኮ ይሄ፤ አንተ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የት ነበርክ?» አለው። ሰፊዎቹ ሳቁ። መሐንዲሱ ከክፋት አልነበረም ያለው፤ ዳቦም እየቆረሰ እንዲሁ ይቀልድ ነበር። ግን መርፌ ቤቱ ገብቶ እራቱን አልበላም።

ቀጥሎ የከፈዩ ኮት መጣ።

ከፈይ ጠጉር አለው። ወደ ታች ስትዳብሰው ይተኛል፣ ወደ ላይ ስትዳብሰው ይቆምብሃል። በአንድ አቅጣጫ ነጣ ብሎ ያብረቀርቃል፣ በሌላው ጠቆር ይላል። ስለዚህ አንድ ልብስ ሲቆረጥ ቁራጮቹ ሁሉ ጠጉራቸው ወደ አንድ መሆን አለበት። አንዲት ሐኪም ለልጇ ምርቃት የምትለብሰውን አረንጓዴ የከፈይ ኮት አዘዘች። መሐንዲሱ ቆረጠ፣ መርፌ ሰፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ኮቱንና አንድ ፎቶ ይዛ ተመለሰች። ፎቶው ላይ የኮቱ ቀኝ እጅጌ ከሌላ ሰው ኮት የተቀጠለ ይመስላል።

ባለቤቱ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «ማነው?» አለ። መሐንዲሱ መቀሱን ይወለውል ነበር፤ ቀና አላለም። ሰፊ የተሰጠውን እጅጌ ጠጉሩን ሊገለብጥ እንደማይችል እዚያ ቤት ያለ ሁሉ ያውቃል። ሰባቱም አጎንብሰው መኪናቸውን ረገጡ። ባለቤቱ ወደ መርፌ ዞረ፤ «አይተኸው ከሆነ ለምን ሰፋኸው? ካላየኸውስ ምን ሰፊ ነህ?»

«የተሰጠኝን ነው የሰፋሁት» አለ መርፌ።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ካውያ ላይ ነህ።»

መርፌ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። በረንዳ ተከራይቶ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር፣ ዚፕ ሲቀይር ጸጉሩ ሸበተ። አዲስ ልብስ አልሰፋም። ይህን ታሪክ ለሚስቱ ነግሯታል፣ ለልጁ ነግሯታል፣ በረንዳው ላይ ዚፕ ለሚያስቀይር ሁሉ ነግሯል። ሲነግር አንዲት ቦታ ላይ ፈጠን ይላል፤ የሰማው ሁሉ ግን ያዝንለትና ምላሱን እየመጠጠ ይሄዳል።

አሁን እንግዲህ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። መሐንዲሱ ሰው እየሰማ «እጅጌውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» እንዲል። ብቻቸውን ሲሆኑ አይደለም፤ ሰው እየሰማ። ሰውዬው ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጊዜ የለም። ስለዚህ መርፌ አንድም ማክሰኞ አልቀረም። ኃላፊዋ «እንደ አባትሽ ያለ ትጉህ በጎ ፈቃደኛ አላየሁም» ብላ ለልጁ ደወለችላት። ልጁም ለጎረቤት አወራች።

መሐንዲሱ ማክሰኞን መጠበቅ ጀመረ። ምሳ እንደበላ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይመጣና ወንበሯ ላይ ይቀመጣል።

«ያቺ ሦስተኛዋ መኪና ትዝ ትልሃለች? ክር የምትበላዋ?»

«ክሩን የምትበላው እርስዎ አጠገቧ ቆመው ሲያወሩ ነበር።»

«ያ ባለ ጺሙ ሰፊስ? የገዛ ሱሪውን ከደንበኛ ኮት ጋር የሰፋው?»

መርፌ ሳይወድ በግዱ ይስቃል። የዝናቡ ድምፅ፣ የካውያው ሽታ፣ ጋዜጣው ላይ የሚበላው ዳቦ ጠባቧን ክፍል ይሞላታል። አውቶቡስ ውስጥ ሲሆን ነው የሚነደው። ሰውዬው ያን ዘመን እንደ ከረሜላ እየመረጠ ያጎርሰዋል፤ መራራውን አይነካም። «ያቺ የከፈይ ኮት…» ብሎ ሲጀምርለት፣ «ኮትማ ስንቱን ሠራን» ይልና ስለ ሌላ ሰው ይጠይቀዋል።

በዚህ መሃል የመጋረጃው ነገር መጣ። የአረጋውያኑ መቀመጫ አዳራሽ በምዕራብ በኩል ትልቅ መስኮት አለው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ፊታቸው ላይ ታርፋለች። የሚዘጋ ቴአትር ቤት ያረጀ የመድረክ መጋረጃውን ለቤቱ ሰጠ። ደማቅ ቀይ ከፈይ። ከሱ ውስጥ ለመስኮቱ ሁለት ክፋይ ይወጣል።

መሐንዲሱ ከፈይ መምጣቱን ሲሰማ ተነሣ። «እኔ ነኝ የምቆርጠው።»

ኃላፊዋ ደነገጠች። «አባባ፣ ዓይንዎ…»

«ከፈይ በዓይን አይቆረጥም፣ ልጄ።»

ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር እዚያ፤ አንድ እግሩ አልታዘዝ ያለው፣ አፉ ግን ሙሉ ጤና። «ለሱ መቀስ ከሰጣችሁት ለእኔም መኪና ስጡኝ» አለ። ሳቁ። መሐንዲሱም አብሯቸው ሳቀና መቀሱን ተቀበለ።

ሁለት የምግብ ጠረጴዛዎች ተገጠሙ። በድሮ ጊዜ ሂሳብ ያስተማረች አንዲት ባልቴት፣ ሁሉም መምህርቷ የሚሏት፣ ሜትሩን እያየች ቁጥሩን ታነብለታለች። መሐንዲሱ ጨርቁን ዳበሰ። ፊቱ አሥር ዓመት ቀነሰ፤ ማፏጨት ጀመረ። የመጀመሪያውን ክፋይ እንደ ክር ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ከዚያ ቦታ ጠበበና ሹፌሩና ሌሎቹ ጨርቁን አንስተው አዞሩለት። መሐንዲሱ እያወራ፣ እየቀለደ፣ ሁለተኛውን ቆረጠ። እንደገና አልዳበሰውም።

መርፌ ሁለቱን ክፋዮች ይዞ ክፍሏ ገባ። መዳፉን አስኬደባቸው። አንዱ ተኛ። ሌላው ቆመ።

ተቀመጠ። እጁ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር፣ ረፋድ ላይ፣ ቀኝ እጅጌውን ገና ከጥቅሉ ሲያወጣው። መዳፉ ሥር ቆመበት። ከመኪናው እስከ መቁረጫው ጠረጴዛ አራት እርምጃ ነው። የተረፈ ከፈይ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሌላ እጅጌ ይወጣው ነበር። መሐንዲሱ ጀርባውን ሰጥቶ ያፏጫል። መርፌ ጀርባውን አየው፣ «አራተኛ ክፍል» የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ጮኸ፣ እና እጅጌውን መኪናው ሥር አስገብቶ ረገጠ። ሰው ይየውና ይፈር ብሎ። ለሰላሳ አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ በነገረው ታሪክ ውስጥ እነዚያ አራት እርምጃዎች የሉም።

አሁንም መሐንዲሱ ያለው ከግድግዳው ማዶ ነው። ድምፁ ይሰማል። መርፌ ቀይ ክር መረጠ። አሁን ግን ሥራው የማን እንደሆነ ሁሉም አይቷል አለ በልቡ፤ መቀሱ በማን እጅ እንደነበር ሃያ ሰው ይመሰክራል። ረገጠ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መጋረጃው ተሰቀለ። አረጋውያኑ ወንበራቸውን ይዘው ተደረደሩ። ጥበቃው መሰላል ላይ ወጥቶ ሁለቱን ክፋዮች ዘረጋቸው። ከበሩ በሚገባው ብርሃን የቀኙ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ የግራው እንደ ጉበት ጠቆረ። መርፌ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ሁለት ዓይነት ቀይ ነው እንዴ?» አለች መምህርቷ።

«ዲዛይን ነው መሰለኝ» አለች ኃላፊዋ። «ያምራል።»

«አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለማታ» አለ ሹፌሩ። «ዋናው ፀሐይዋን መመለሱ ነው። እጃችሁ ይባረክ።»

አጨበጨቡ። ማን ቆረጠው ብሎ የጠየቀ የለም። ለመርፌም ነው ያጨበጨቡት፤ ዞረው እያዩት። በሕይወቱ እጅህ ይባረክ ሲባል የመጀመሪያው ነበር፣ እና የሚገባበት ጠፋው።

መሐንዲሱ ብቻ አላጨበጨበም። አንገቱን ወደ ግድግዳው መለስ አደረገ። «መርፌ፣ የት አለህ?»

«እዚህ ነኝ።»

«እነሱ ዓይን ይኑራቸው እንጂ አያዩም። አንተ ንገረኝ። አንድ ቀለም ነው?»

መርፌ መጋረጃውን አየ። አዎ ቢለው አምኖት ይሞታል። ማንም ከዚያ ወዲያ አይነግረውም።

«አይደለም» አለ።

«የቱ ነው?»

«የግራው። ሁለተኛ የቆረጡት።»

መሐንዲሱ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ሳልዳብሰው። ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ሴት ልጅ የተገላገለችበት ሳምንት ነው።» ፊቱን ወደ መርፌ መለሰ። «አንተስ ስትሰፋው አላወቅከውም?»

«አወቅኩት።»

«ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜም።»

«አውቅ ነበር» አለ መሐንዲሱ። «ፎቶውን ሳይ ገባኝ። ያንተ እጅ ከፈይ ሳይለይ ይቀራል? አይቶ ነው ያዋረደኝ ብዬ ተናደድኩና አፌን ያዝኩ። አንተ ወጣህ። ንዴቱ በሳምንቱ ወጣልኝ፤ አንተን ግን ከየት ላምጣህ።» ከዚያ በሁለት እጁ ወንበሩን ተመርኩዞ ተነሣና፣ ድሮ ስምንት መኪና በሚያሸንፍበት ድምፅ፣ «ስሙኝማ» አለ። «የኮቱን እጅጌ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መርፌ በኔ ጥፋት ነው ከሥራ የወጣው።»



«የምን ኮት ነው?» አለ ሹፌሩ።

ሰላሳ አንድ ዓመት የጠበቀው ቃል ይኸው ተነገረ፤ ሃያ ሰው ሰማ፤ አንዱም ምን እንደሆነ አያውቅም። መርፌ ሊስቅ ቃጣው። ቃሉ ዋጋ እንዲኖረው ታሪኩን ከሥሩ መናገር ሊኖርበት ነው፣ ያውም መሐንዲሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እየሰማ።

«ንገራቸው እንጂ» አለ መሐንዲሱ። «ከመጀመሪያው ካንተ ቢሰሙት ይሻላል።»

መርፌ ወደ ፊት መጣ። ጀመረ። ስምንቱን መኪና ነገራቸው፣ ባለ ሜትሩን ሰውዬ ነገራቸው፤ ሳቁለት። አረንጓዴውን ከፈይ ነገራቸው። ፈጠን የሚልበት ቦታ ሲደርስ ግን ዘገየ። ውሃ ጠየቀ። ጠጣ።

«እጅጌው ሲደርሰኝ ጠጉሩ ተገልብጧል። ነካሁት። ከሱ ጠረጴዛ አራት እርምጃ ነበርኩ። መውሰድ እችል ነበር። አልወሰድኩም። ሰፋሁት። ይህን መጋረጃም እንደዚሁ ነው የሰፋሁት፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ እናንተ እዚህ ሆናችሁ ስትስቁ።»

ማንም ምላሱን አልመጠጠም። እንደ ድሮው ያዘነለት አልነበረም፣ የተቆጣውም የለ። ኃላፊዋ መሬት መሬት ታያለች። መምህርቷ ናት የጠየቀችው።

«ሐኪሟስ? ፎቶው ላይ ስቃ ነበር?»

መርፌ አሰበ። ያን ፎቶ ዕድሜውን ሙሉ በሐሳቡ ሲያየው ኖሯል፤ የመጣለት ግን እጅጌው ብቻ ነው። «ፊቷን አላስታውስም» አለ።

«ስቃ ነበር» አለ መሐንዲሱ። «ከልጇ ጋር ተቃቅፋ። ጥርሷ በሙሉ ይታያል።»

«እኔን ግን ፀሐይዋ እየጠበሰችኝ ነው» አለ ሹፌሩ፤ ጥበቃው ግራ ገብቶት መጋረጃውን ግማሽ ሰብስቦ ይዞ ነበር። «ሰቅላችሁ ተናዘዙ፣ ወይ አውርዳችሁ ተናዘዙ።»

«ይውረድ» አለ መርፌ። «የግራው ብቻ። መጋረጃ እንደ እጅጌ አይደለም፤ ላዩና ታቹ ተተርትሮ ይገለበጣል። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

ክፋዩን አውርደው በሁለቱ ጉልበት ላይ ዘረጉት። ኃላፊዋ ሁለት ትናንሽ መተርተሪያ አመጣችላቸው። መሐንዲሱ ከታችኛው ጠርዝ ጀመረ፣ መርፌ ከላይኛው። ሽማግሌው በጣቱ ስፌቱን እየፈለገ፣ አንድ አንዱን እየነቀሰ፣ ጥቂት ሄደና ቆመ።

«ምን አድርገህ ነው ያጠበቅከው?»

«ተናድጄ ነበር።»

«ይታወቃል» አለ መሐንዲሱ፣ እና ወደሚቀጥለው ስፌት አለፈ። ሹፌሩ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ከድኖ ማንኮራፋት ጀመረ። ቀዩ ክር ብጥስጣሹ በሁለቱ ጫማ ላይ ይረግፋል። ግማሽ ሲደርሱ መሐንዲሱ በቀስታ ማፏጨት ጀመረ፤ መርፌም ዜማውን አላወቀውም፣ ግን ዝም ይበሉ አላለውም።